ለረመዳን የተባለው ቲማቲም

ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ በራዲዮ ተናገርኩ። ጥሩ የተናገርኩ ይመስለኛል። ስለ ማኅበራችን አመሠራረት፣ ስለ ሴቶቹ ትጋት፣ ከተማችን አትክልቷን ከሩቅ ከምታስጭን ከራሷ ደጅ ብታገኝ ስለሚሻልበት ምክንያት አስረዳሁ። በመጨረሻ ጋዜጠኛው፣ "ክቡር ዳኛ፣ የድሬ ሕዝብ ከእናንተ ምን ይጠብቅ?" ሲለኝ፣ "ለረመዳን የሚሆነውን ቲማቲም ከዳገታችን እናወርዳለን" አልኩ። ይህን አስቀድሜ አላዘጋጀሁትም፤ እዚያው መጣልኝ። ጋዜጠኛው ደስ ብሎት ደገመው።

ቤት ስገባ ሸዋገነት ራዲዮውን እያጠፋች ነበር። ባለቤቴ አድናቆቷን በግልጽ የምትናገር ሰው አይደለችም። "ቲማቲሙን ማን አንሣ አለህ?" ብቻ አለችኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስፍረው። በጡረታ ከችሎት ከተሰናበትኩ ወዲህ የአንድ የሴቶች አትክልት ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። አባላቱ አብዛኞቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በስፌት ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ ከአሸዋው ወንዝ ዳር አትክልት ማልማት ጀመሩ። የነሐሴው ጎርፍ ያንን መሬት አሸዋ አልብሶት ሄደ። ይህን የሰሙ ከደንገጎ ዳገት በላይ ያሉ ገበሬዎች ምንጭ ያለው አንድ ጎድጓዳ መሬት ለሙከራ ሰጡን። ቃሉን ያሰሩልን ሽማግሌያቸው ኦቦ ሳላሀዲን ናቸው፦ ረመዳን ሲገባ መሬቱን ለምቶ ካገኙት ለሴቶቹ ይጸናል፤ ባዶውን ካገኙት መሬት ለሌላቸው የመንደሩ ወጣቶች ይመለሳል። ፍትሐዊ ቃል ነው። ሴቶቹ ሌላ መሬት የላቸውም።

ጥቅምት 29

ከሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የጠየቅሁት መረጃ ደረሰኝ። በዳገቱ አካባቢ ውርጭ የሚጠበቀው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ነው። ጎድጓዳ ላይ ይብሳል፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይወርዳልና።

ረመዳን የካቲት አሥራ አንድ ግድም ይገባል። ቲማቲም ከተተከለ በኋላ ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። ለረመዳን እንዲደርስ በኅዳር አጋማሽ መተከል አለበት፤ በኅዳር አጋማሽ ከተተከለ ደግሞ ልጅነቱንም ጉልምስናውንም የሚያሳልፈው በውርጩ ወራት ነው። ደጋግሜ አሰላሁት። አይገጥምም።

ሴቶቹ ታች ሲያለሙ የመትከያውን ቀን የሚቆርጡት ከረመዳን ሦስት ጨረቃ ወደ ኋላ ቆጥረው ነበር። እዚህ ቆላው ላይ ውርጭ የሚባል ነገር ስለሌለ ቆጠራው አንድም ጊዜ አላሳፈራቸውም። ነገር ግን ረመዳን በየዓመቱ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ ውርጭ ከቦታው አይነቃነቅም። ዘንድሮ፣ በዚህ በአዲሱ መሬት፣ ሦስቱ ጨረቃ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚያርፈው ልክ ውርጩ አፍ ላይ ነው።

ይህ መረጃ ከራዲዮው ንግግር በፊት በእጄ ቢሆን መልካም ነበር። በአገራችን መረጃን በወቅቱ የመስጠት ልማድ አለመዳበሩ ያሳዝናል። የጥያቄ ደብዳቤዬ የወጣው ጥቅምት 25 ቀን ነው።

ኅዳር 3

ጉባኤ አደረግን። የውርጩን ሰንጠረዥ ለሁሉም አነበብኩላቸው። የሚደበቅ ነገር የለም።

የመስክ ሥራውን የምትመራው ኻድራ ናት፤ ብርቱ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ፈጣን ሴት። የድሬ ልጅ ስለሆነች አንቱታ አይሆንላትም። በሶማሊኛ "አደር" ትለኛለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው፤ ከ"ክቡር ዳኛ" ይልቅ ይህን እወደዋለሁ። ሐሳብ አቀረበች፦ ቲማቲሙ ውርጩ እስኪያልፍ ይቆይ፤ አሁን ውርጭ የማይገድላቸው ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ይዘሩ። "ሽማግሌው ልማት ነው ያሉን፤ ቲማቲም ብለው አልማሉብንም" አለች።

ሐሳቡ ጥናት የሚሻ መሆኑን ገልጬ አመሰገንኳት። ሀምዲያ የምትባለው፣ ጉባኤ ሁሉ ካላሣቀች የማይቀናት አባል፣ "ተዪ አቦ ኻድራ፣ ራዲዮው ካሮት አላለም" አለች። ሁሉም ሣቁ። ለቲማቲሙ የተሰጠ ድጋፍ አድርጌ ወሰድኩት።

ኅዳር 9

በጥድፊያ። ቀኑ እየሄደ ነው። የካሮቱን ሐሳብ እንዲያጠና ያቋቋምኩት ቡድን አልተሰበሰበም፤ ሁለቱ አባላት ለቅሶ ሄደዋል፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ኻድራ ደወለች። የካሮቱን ጉዳይ ደገመችው። በሺርም ከቀፊራ ገበያ ደወለ፣ የአትክልት አከፋፋዩ፤ ለረመዳን ስንት ሣጥን እንደምናወርድ ጠየቀኝ። ለእርሱ መልስ መስጠት ቀለለኝ።

ኅዳር 14

ተከልን። መላው መሬት ቲማቲም ሆነ፤ ዳር ላይ ካለው አንድ ጠባብ መደብ በቀር።

ውሳኔው ትናንት በአንድ ድምፅ የተላለፈ ነው። የካሮቱ አማራጭ ጥሩ ጎኖች እንዳሉት፣ ሆኖም ማኅበራችን በሕዝብ ፊት የገባውን ቃል ማክበር እንዳለበት በሰፊው አብራራሁ። ውርጩ የሚወርድባቸው ሌሊቶች በየዓመቱ እንደሚለያዩ፣ መደቦቹንም በጆንያና በሣር መሸፈን እንደሚቻል አከልኩ። ከዚያም ተቃውሞ ያለው ካለ ጠየቅሁ። ማንም እጁን አላነሣም። ኻድራ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። በውል ሕግ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም፤ የማኅበር ጉባኤ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዳገቱን ስንወርድ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። ሴቶቹ ከኋላ በሦስት ቋንቋ እያደባለቁ ያወራሉ። ሀምዲያ፣ "ቃሉ እኮ ነው የያዘው፣ ምን ያድርግ፣ ያሳዝናል ወላሂ" ስትል ሰማሁ። ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም። ባሏ ሰሞኑን ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቷል መሰለኝ።

ኅዳር 24

ብርዱ ጀምሯል። እዚህ ታች፣ ከዚራ ሰፈር፣ እኛ ከሙቀቱ የተነሣ በረንዳ ላይ እናድራለን፤ እላይ ግን ሴቶቹ እሳት ከበው እየተቀመጡ ነው። ማታ ማታ መደቦቹን የሚሸፍኑ፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚገልጡ ተረኞች ተመድበዋል። ካልተገለጠ ችግኙ ይታፈናል፤ ካልተሸፈነ ይቃጠላል። የተረኞቹን ሰሌዳ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሚዛናዊ ነው፤ ሕፃን ያላቸው እንዲዘለሉ አድርጌያለሁ።

ሸዋገነት ሰሌዳውን አንሥታ አየችው። "ያንተ ተራ መቼ ነው?" አለችኝ። ጉልበቴን ታውቃለች። ሐኪሙ ከብርድ ራቅ እንዳለኝም ታውቃለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ዓይነት መልስ ይጠበቅበታል?

ታኅሣሥ 4

ውርጭ የለም። ሰንጠረዡ ውርጭ ይጀምርበታል ያለው ቀን ካለፈ ሰነበተ፤ ሰማዩ ደመና አዝሎ ያድራል፣ ደመና ካለ ደግሞ ውርጭ አይወርድም። ችግኞቹ አንገታቸውን ቀና አድርገዋል።

ለማኅበሩ አባላት በስልክ መልእክት ላክሁ፤ በጥንቃቄ የተደረገ ውሳኔ ፍሬ እያሳየ መሆኑን፣ የተረኞቹም ትጋት በታሪክ እንደሚታወስ። ሀምዲያ "አሚን" ብላ መለሰች። ኻድራ አልመለሰችም። አንብባዋለች።

ታኅሣሥ 12

አበበ! ቢጫ አበባ በየመደቡ። ዛሬ በሺርን ይዤ ወጣሁ፤ እየተዘዋወረ አየ፣ ባረከ፣ ሣጥን እንደሚያዘጋጅ ነገረኝ። እንደዚህ ያለ ደስታ ከተሰማኝ ቆይቷል።

ደስታውን ያደፈረሰችው ኻድራ ናት። የዳሩን ባዶ መደብ ለቆስጣ እንድፈቅድላት ጠየቀችኝ። ለሁለተኛው ዙር ቲማቲም የተያዘ መሆኑን አስታወስኳት። "አደር፣ አንድ መደብ እኮ ነው" አለችኝ። የአንድ መደብ ጉዳይ አይደለም። ጉባኤ የወሰነውን በየመንገዱ መሸራረፍ ከተለመደ መርሕ የሚባል ነገር አይኖርም። ይህንኑ በደግ ቃል ነገርኳት። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ ውሃው ሄደች።

በኋላ በሺር በመኪናው ውስጥ፣ ምነው አንድ መደብ ብትፈቅድላት አለኝ። እርሱም?

ታኅሣሥ 16

የቁልቢ መንገደኛ ከተማውን ሞልቶታል። መኪና የለም። ነገ ከሰዓት የሚወጡት ተረኞች ማጓጓዣ አላገኙም፤ ሚኒባሱ ሁሉ ተሳላሚ ጭኗል፣ ዳገቱም ከነገ ጀምሮ ለሌላ ተሽከርካሪ ሊዘጋ ነው ተባለ። ኻድራ ደውላ፣ "አንተ አንድ ቦታ ብትደውል ያሳልፉናል" አለችኝ። ስሜን ለእንዲህ ያለ ነገር ተጠቅሜ አላውቅም። ጥያቄውን በማኅበሩ ማኅተም በጽሑፍ እንደማቀርብ ነገርኳት። አቅርቤያለሁ። መልስ እጠብቃለሁ።

ሰማዩ ዛሬ ጠርቷል። አንድም ደመና የለም።

ታኅሣሥ 18

ንጋት ላይ ኻድራ ደወለች። ውርጩ ወርዷል። ሁሉም ተቃጥሏል።

የደብዳቤዬ መልስ ረፋድ ላይ ደረሰ። ተፈቅዷል።

ታኅሣሥ 20

ከትናንት ወዲያ ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

የሆነው እንዲህ ነው። የቀደሙት ተረኞች ተቀያሪ ይመጣል ብለው ወደ ልጆቻቸው ወርደዋል። ኻድራና ሀምዲያ በአንድ የተሳላሚዎች አውቶቡስ ላይ ቆመው እስከ ዳገቱ ወገብ ሄዱ፤ መንገዱ ተጨናንቆ አውቶቡሱ ሲቆም ወርደው በእግራቸው ወጡ። ሲደርሱ ነግቷል፤ አመዳዩ መሬቱን አልብሶታል። ጆንያዎቹ እንደተጣጠፉ ጎጆው ውስጥ ናቸው።

ዛሬ እኔም ወጣሁ። በሩቁ ሲታይ መሬቱ ውሃ የጠጣ ብቻ ይመስል ነበር። ቀርቤ አንድ ቅጠል ስይዝ በጣቴ መሃል ሟሸሸ፤ ከድስት የወጣ የተቀቀለ ቅጠል ይመስላል፣ ጥቁር፣ እርጥብ። አበቦቹም እንደዚያው። ፀሐዩ ሲበረታ የሚነሣው ሽታ ለመጻፍ ያስቸግራል።

ለሴቶቹ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ተፈጥሮን ማንም እንደማይከሰው፣ ከውድቀት ትምህርት እንደሚገኝ፣ ጽናት እንደሚያስፈልግ። ወረቀቱን ስገልጥ ኻድራ አጠገቤ መጣች። ዓይኗ እንቅልፍ አላየም።

"አደር፣ ዛሬ ንግግር ይቅር" አለችኝ።

በቁጣ አላለችውም። በቁጣ ብትለው መልስ አላጣም ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ግንድ ነቀለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሀምዲያ ነጠላዋን አውልቃ ከድንጋዩ ላይ ልታነጥፍልኝ ፈለገች፤ አይሆንም አልኳት።

መደቡ በጆንያ ቢሸፈንም ላይተርፍ ይችል እንደነበር ባለሙያዎች ይናገራሉ። አንድ ባለሙያ። በስልክ ጠይቄው፣ "እርግጠኛ መሆን አይቻልም" ብሎኛል።

ጥር 5

ዛሬ ያወቅሁት ነገር በጣም አስቆጥቶኛል። ሴቶቹ ከቁልቢ ማግሥት ጀምሮ መሬቱን ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ዘርተውበታል። ያለ ጉባኤ። ያለ ቃለ ጉባኤ። ሰብሳቢው ሳያውቅ። ይህን የሰማሁት ከበሺር ነው፤ እርሱ ደግሞ ዘሩን የሸጠላቸው ሰው ነው።

ኻድራን ጠርቼ አነጋገርኳት። ለምን ስብሰባ እንዳልተጠራ ጠየቅኋት። "ስብሰባው ሲያልቅ ረመዳን ይገባል፣ አደር" አለችኝ። ለመሆኑ ገዢው ማነው፣ የረመዳን ማዕድ ቆስጣ አይጠይቅም አልኳት። ያን ጊዜ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ፣ ነገረችኝ፦ ዘንድሮ ሁለቱ ጾም የሚገቡት በአንድ ሳምንት ነው። የእነርሱ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ። ግማሹ ከተማ ሥጋና ወተት ሲተው ቆስጣና ቀይ ሥር የት ይበቃል?

ቤት ገብቼ የቀን መቁጠሪያውን አየሁ። እውነቷን ነው። ሸዋገነትን ታውቅ እንደነበር ጠየቅኋት።

"ጾሙ መቼ እንደሚገባ?" አለችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ከኻድራ ነው የሰማኸው?"

ከክፍል ወደ ክፍል ስትሄድ ትከሻዋ እየተነቀነቀ ነበር።

የሆነ ሆኖ አሠራር አሠራር ነው። ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ አስቤ ተውኩት። ጉዳዩን በይደር አቆይቼዋለሁ።

ጥር 13

ከጥምቀት ወዲህ እግሬ ያመኛል። አልወጣሁም። ማንም አልደወለልኝም። ስልኩ መሥራቱን በሸዋገነት ስልክ ደውዬ አረጋገጥኩ።

ጥር 21

ቀፊራ ወርጄ ነበር፤ ሎሚ ልገዛ። ከፊቴ አንዲት ሴት ከነጋዴዋ ጋር ትከራከራለች። ነጋዴዋ ቃሪያውን ነገ በርግጥ እንደምታመጣላት ስትምልላት ገዢዋ፣ "የዳኛውን ቲማቲም እንዳታደርጊብኝ" አለቻት። ሁለቱም ሣቁ። በዙሪያው ያሉትም ሣቁ፤ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ከአሣሣቃቸው ያስታውቃል።

ሎሚውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

በዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ፈርጃለሁ። በፈረድኩባቸው ሰዎች ሰፈር እንኳ ስሜ በክብር ነበር የሚነሣው።

የካቲት 10

ረመዳን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው፤ ጨረቃዋ ታውቃለች። ኦቦ ሳላሀዲን ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መሬቱን ሊያዩ መጡ። እኔም ተጠርቼ ወጣሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ይህ መሬት ከሴቶቹ እጅ ከወጣ ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ሐሳብ አላስተኛኝም።

መሬቱ አረንጓዴ ነው። ቆስጣው ቅጠሉ ሰፍቶ ያብረቀርቃል፤ ሰላጣው እየተቆረጠ መሸጥ ጀምሯል፤ ቀይ ሥሩ ገና ነው፣ ግን ቆሟል። ጥር ላይ ውርጩ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ነበር አሉ። ጫፍ ጫፉን ነካክቶ አልፎታል። ሽማግሌዎቹ በየመደቡ መሃል ቀስ ብለው ዞሩ። ኦቦ ሳላሀዲን አንድ የቆስጣ ቅጠል ቆርጠው አኘኩ።

ከዚያ ተቀመጥን። በኦሮምኛ ነበር፤ ሁላችንም እንሰማለን። መሬቱ ለምቷል፣ ዓይናችን አይቷል አሉ ኦቦ ሳላሀዲን። ይሁን እንጂ ይህ መሬት በመሃሉ አንድ ጊዜ ጠቁሯል፤ መንደሩ በሙሉ አይቷል፤ ወጣቶቹም "መሬታችንን ለማያውቁት ሰጣችሁ" እያሉ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ማወቅ እንፈልጋለን፤ ያንን የመትከያ ቀን ማን ቆረጠው?

ኻድራ ሳትዘገይ፣ "ሁላችንም ነን። ማኅበር ነን" አለች። ሀምዲያም ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዳቸውም ወደ እኔ አላዩም።

እኔ ማብራሪያ እንድሰጥ ፈቃድ ጠየቅሁ። የዘንድሮው ደመና እንዴት እንዳዘናጋ፣ የቁልቢ መንገድ እንዴት እንደተዘጋ፣ ሰንጠረዡ የዳገቱን እንጂ የዚህን ጎድጓዳ ሁኔታ በተናጠል እንደማያሳይ አስረዳሁ። ኦቦ ሳላሀዲን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሳላቋርጥ መናገሬን የተረዳሁት ዝም ስል ነው።

"ዳኛው" አሉኝ፣ "እኔ ስለ ሰማዩ አልጠየቅሁም።"

በችሎት ዘመኔ ስንቱን ምስክር "የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ" ብዬ እንዳስቆምኩ ቁጥሩን አላውቀውም። መልሴን እዚህ መድገም አያስፈልግም። አጭር ነበር።

ሽማግሌዎቹ ብዙም አልቆዩም። መሬቱ ለሴቶቹ ጸንቷል። አንድ ነገር ብቻ አከሉ፦ ከእንግዲህ የመትከያው ቀን የሚቆረጠው እዚሁ መሬቱ ላይ፣ እዚሁ በሚያድሩ ሰዎች ነው። ዱዓ ተደረገ። ሴቶቹ ተቃቀፉ። ሀምዲያ እያለቀሰች ትሥቃለች። ከእነርሱ ጋር ደስ አለኝ፤ ይህን ስጽፍ እውነቴን ነው።

የካቲት 17

ጠቅላላ ጉባኤው ዛሬ በአንድ ድምፅ የማኅበሩ የክብር ሰብሳቢ አድርጎ መረጠኝ። ሐሳቡን ያቀረበችው ሀምዲያ ናት። ለማኅበሩ የዋልኩትን ውለታ ዘረዘረች፤ ከዳገቱ ሰዎች ጋር ማገናኘቴን፣ ማኅተሙን ማስቀረጼን፣ በክፉ ቀን አብሬ መቆሜን። አንዳንዱን ረስቼው ነበር። የክብር ሰብሳቢ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። "ክብር ነዋ፣ አደር" አለችኝ። ማንም አልሣቀም፤ ቢሥቁ ይቀለኝ ነበር። ሥራውን የምትመራው ሰብሳቢ ኻድራ ሆናለች። ድምፅ ሲሰጥ እኔም እጄን አነሣሁ።

ኻድራ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ለሸዋገነት ብላ አንድ እቅፍ ቆስጣ ከኋላ ወንበር አስቀመጠች። ሰሞኑን የቲማቲም ችግኝ ሊተክሉ መሆኑን ከወሬያቸው ሰምቼ ስለነበር ቀኑን ጠየቅኋት።

"እንጠራሃለን፣ አደር" አለችኝ። "ግን ረፈድ አድርገህ ና፤ ብርዱ እንዳይመታህ።"

ውርጩ ካለፈ ወር እንደሆነው፣ ሰንጠረዡም ይህንኑ እንደሚል ነገርኳት።

"እናውቃለን" አለችኝ፤ የመኪናውንም በር ቀስ አድርጋ ዘጋችልኝ።